ለአሥራ ሁለቱ ገንዳዎች የሚመልሰው

ቼፕንጌኖ ያቺን መስመር የጻፈችው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። ሰዓቱ አይጠፋባትም፤ የሠራችውን ሁሉ ከነደቂቃው በመዝገቧ የምታሰፍር ልጅ ናት። በኬንያ፣ ኬሪቾ በሚገኘው የቼማሩል ሻይ ፋብሪካ የኔትወርክ ባለሙያ ሆና ከተቀጠረች አምስት ወር ከሦስት ሳምንት ሆኗታል። የሙከራ ጊዜዋ ስድስት ወር ስለሆነ የቀራት አንድ ሳምንት ብቻ ነው። በዚያች ሳምንት ከናይሮቢ ይዛው የመጣችውን የደኅንነት ዝርዝር እስከ መጨረሻው ጨርሳ ለሥራ አስኪያጁ ልታስረክብ ቆርጣለች። ዝርዝሩ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ አለው። አሥራ ስምንቱ አልቋል። የመጨረሻው "ፕሮክሲ አርፕን በራውተሩ በሮች ሁሉ ላይ አጥፋ" ይላል።

ራውተሩ ክፍል ውስጥ ብቻዋን አልነበረችም። የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን አራፕ ማሪቲም በርጩማ ላይ ተቀምጠው ማንዳዚ የሚሉትን የተጠበሰ ሊጥ ወተት በበዛበት ሻይ እየነከሩ ይበላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። ኬብሉን የዘረጉት እሳቸው፣ ራውተሩንም መጽሐፍ እያነበቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተካከሉት እሳቸው ናቸው። ዓርብ ጡረታ ይወጣሉ። ፋብሪካው ፍየል ሊያርድላቸው፣ ቅጠል አቅራቢ ገበሬዎቹ ሊመርቋቸው ተስማምተዋል፤ ሚስታቸውም ለእንግዳው የሚሆን ሙርሲክ የሚባለውን እርጎ በየቅሉ ሞልተው ማርጋት ከጀመሩ ሰነበቱ።

"ምዜ፣ ይሄ ፕሮክሲ አርፕ የሚሉት ነገር ለምንድነው በሁሉም በር ላይ ክፍት የሆነው?" አለቻቸው፣ በአገሩ አዛውንት በሚከበርበት ስም ጠርታ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።

"እሱማ ለእነዚያ ለሽማግሌዎቹ ይመልስላቸዋል።" በአገጫቸው ቅጠል ወደሚጠወልግበት አዳራሽ ጠቆሙ፤ የቅጠል ገንዳዎቹን ማራገቢያ የሚያዙት አሮጌ ሣጥኖች እዚያ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኔትወርክ ላይ ያለ ማሽን ለጎረቤቱ የሚልከው ነገር ሲኖረው አስቀድሞ በመስመሩ ላይ ይጣራል፤ "ይህ አድራሻ የማን ነው?" ይላል። ባለቤቱ "የኔ ነው" ብሎ መለያ ቁጥሩን ይሰጣል። ጩኸቱ ግን ከራውተሩ ወዲያ አይሻገርም። ማዶ ያለውን የሚፈልግ ማሽን በራውተሩ በኩል መላክ እንዳለበት ካልተነገረው፣ ሲጣራ ይኖራል እንጂ የሚሰማው የለም። ፕሮክሲ አርፕ የተባለው ሥራ ሲከፈት ራውተሩ ራሱ ስለ ማዶኛው "እኔ ነኝ፣ ወደ እኔ ላክ" ብሎ ይመልሳል፤ የተላከውንም ተቀብሎ ያሻግራል።

"ይሄ እኮ ውሸት ነው" አለች ቼፕንጌኖ። "የሰው አድራሻ የኔ ነው ማለት ምን ይባላል?"

"ጎረቤቴ እርሻ ወርዶ እንግዳ ደጁ ላይ ቢጣራ፣ ወጥቼ 'አቤት፣ ግባ' ብል ውሸታም ልባል ነው?"

"ሌባም ቢጣራ 'አቤት፣ ግባ' ይላል እኮ። ለዚህ ነው ዝጉት የሚባለው።"

ሽማግሌው ሳቁ። "እሱስ እውነትሽን ነው። ግን ልጄ፣ ብትነኪም እያየሽ ይሁን። ቢያንስ የገንዳዎቹን..."

"ማሪቲም! ገንዳ አራት!" የሚል ጩኸት ከአዳራሹ መጣ። ዊኒ ናት፤ የፈረቃው ኃላፊ። ጉሮሮዋ የፋብሪካውን ፉጨት ያስንቃል። በቀን ሃያ ጊዜ ያንን ስም ትጠራለች፤ ሃያ ጊዜም መልስ አጥታ አታውቅም።

"አቤት! መጣሁ!" ብለው ማሪቲም የሻያቸውን ጭላጭ ጨለጡ፤ መሰላላቸውንም አንሥተው ወጡ። የጀመሩት ነገር ሳያልቅ ቀረ። ቼፕንጌኖም "ምን ሊሉ ነበር?" ብላ አልተከተለቻቸውም። አምስት ወር ሙሉ "ማዳም ናይሮቢ ገባት፣ ማዳም ናይሮቢ ጨረሰችው" ሲሏት ከርማለች። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? ባል ባይኖራትም ራውተር ነበራት።

ሥራው ከመቅለሉ የተነሣ ያሳዝናል። በየበሩ ገብቶ አንዲት መስመር መጻፍ ነው፤ ያቺው መስመር ፊቷ ላይ "ኖ" ከተጨመረባት ትዘጋለች፣ "ኖ" ከተነሣላት ትከፈታለች። በአምስቱም በሮች ጻፈች። ከዚያ ጠንቃቃ ልጅ ናትና ሞከረች። አሥራ ሁለቱን ገንዳዎች ከመቆጣጠሪያው ክፍል አንድ በአንድ ጠራቻቸው፤ አሥራ ሁለቱም መለሱ። ሩብ ሰዓት ጠብቃ ደግማ ጠራች፤ መለሱ። አሥራ ዘጠነኛውን ነጥብ ምልክት አደረገችበትና ዘና ብላ ቁርሷን በላች።

ያን ሰሞን ዝናቡ ጥሩ ስለነበር ቅጠሉ በገፍ ነበር የሚመጣው። መኪናው ከየመግዣ ጣቢያው ይጭናል፤ ሠራተኞቹ ረጃጅሞቹ ገንዳዎች ላይ ባለው ወንፊት ላይ ይበትኑታል፤ ከሥር ማራገቢያ ይነፋበታል። ለጋ የሻይ ቅጠል ነፋስ ካጣ በራሱ ሙቀት ይጋላል፣ ይቀላል፣ ከዚያ ወዲያ ሻይ ሊሆን ቀርቶ ለከብት አይሰጥም።

ስድስት ሰዓት ከአሥር ገደማ የገንዳ አራት ማራገቢያ ቆመ። ማሪቲም እዚያው ገንዳ አናት ላይ እንደገና መሰላል ወጥተው የላላ ኬብል እያሰሩ ነበር። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ገንዳ ሰባት ቆመ። ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ አሥራ አንድ።

"ማሪቲም! ምን ነካህ? ምኑን በጠስከው?" ዊኒ ጮኸች።

"እኔ ምንም አልበጠስኩም!" ሽማግሌው ከመሰላሉ ወርደው በስድሳ ዓመት ጉልበታቸው ሮጡ። እያንዳንዱ ማራገቢያ ከኋላው በእጅ የሚዞር አሮጌ ማብሪያ አለው፤ ዝገት ይዞት የማይዞርም አለ። አንዱን አዞሩ፣ ወደ ሁለተኛው ሮጡ፣ እሱን ሲያስነሡ ሌላው ሲቆም ሰሙ። ሦስቱ ማብሪያዎች በመዶሻ ቢመቱም እንቢ አሉ። በእነዚያ ሦስት ገንዳዎች ላይ ሴቶቹ ቅጠሉን በእጃቸው እያገላበጡ ሊያቀዘቅዙት ሞከሩ።

ቼፕንጌኖ መቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ ነበረች። ስክሪኑ ላይ ገንዳዎቹ ተራ በተራ ቀይ ሲሆኑ ታያለች። ሣጥኖቹ ከዚህ ክፍል ድምፅ ሲያጡ ለጥንቃቄ ማራገቢያውን እንደሚያቆሙ ታውቃለች፤ ድምፅ ለምን እንዳጡ ግን አልገባትም። ኬብል አየች፤ ደህና ነው። መብራት አየች፤ ደህና ነው። የጠዋቱ ሥራዋ ትዝ ሳይላት ቀርቶ አይደለም። "የጠዋቱ ቢሆን ጠዋት ይበላሽ ነበር" ብላ ገፋችው። አራት ሰዓት ሙሉ ሠርቶ የተበላሸን ነገር ከአራት ሰዓት በፊት ከተሠራ ነገር ጋር ማን ያገናኘዋል? ይልቅ ማሪቲም መሰላል ላይ እንደነበሩ ስትሰማ ልቧ ቀለል አላት። ይህን ኋላ ላይ ስታስበው ከሁሉም በላይ ያሳፈራት እሱ ነው።

የትኛው ኬብል ከየትኛው ቀዳዳ እንደሚገባ ልታይ ወደ ራውተሩ ቁም ሣጥን ሄደች። በሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ እሷ በቀለም አሳምራ ያተመችው የኔትወርክ ንድፍ ተለጥፏል። የኬሪቾ እርጥበት ማጣበቂያውን አላልቶት አንዱ ጥግ ተንጠልጥሏል። ልታስተካክለው ስትስበው ሙሉው ተላቆ እጇ ላይ ቀረ። ከሥሩ ከደብተር የተቀደደ ቢጫ ወረቀት ነበረ። በመጀመሪያው ሳምንቷ "ቆሻሻ" ብላ ንድፏን የደረበችበት ወረቀት ነው። በእስክሪብቶ፣ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦

"መቆጣጠሪያው ወደ አዲሱ ሕንጻ ሲሄድ ራውተር መሀል ገባ። አሥራ ሁለቱ ሣጥኖች ግን ይህን አያውቁም፤ ዛሬም ሁሉም ሰው ያው ግቢ ውስጥ ያለ ይመስላቸዋል። የመውጫ በር አድራሻ የሚጻፍበት ቦታም የላቸውም። ራውተሩ ይመልስላቸው። አታጥፉት። ብታጥፉት ወዲያው አይታወቅም፤ የተነገራቸውን አራት ሰዓት ያህል ያስታውሳሉ። ማሪቲም።"

ቼፕንጌኖ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። ከሁለት ሰዓት ከአሥር እስከ ስድስት ሰዓት ከአሥር በጣቷ ቆጠረች። ጠዋት የሞከረቻቸው ገንዳዎች የመለሱላት ትዝታ ስለነበራቸው ብቻ ነው። ትዝታቸው ሲያልቅ እንደገና ተጣሩ፤ ሰሚ አጡ። 

ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ወደ ገንዳዎቹ በሚወስደው በር ገብታ ያቺን መስመር ያለ "ኖ" ጻፈቻት። ሌሎቹን አራት በሮች እንደተዘጉ ተወቻቸው፤ እነሱ ላይ ዝርዝሩ ልክ ነበር። አንድ ደቂቃ አልሞላም። ገንዳ አራት አረንጓዴ ሆነ፤ ሰባት ተከተለ፤ ከዚያ ሁሉም። ከአዳራሹ እልልታ ተሰማ። ዊኒ በላብ ተጠምቃ እየሮጠች መጣችና አቀፈቻት።

"ማዳም ናይሮቢ! እጅሽ ይባረክ! ያ ሽማግሌ የበጠሰውን ቀጠልሽው አይደል?"

ቼፕንጌኖ "አይደለም" ለማለት አፏን ከፈተች። ዊኒ ግን ወደ ሠራተኞቹ ዞራ "እሷ ናት! እሷ ናት!" ትላለች፤ ሰዎቹም ያጨበጭባሉ። አፏን መልሳ ዘጋችው።

አሥር ሰዓት ላይ በሥራ አስኪያጁ በአቶ ኮስኬይ ቢሮ ተሰበሰቡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ሰውዬው ጮክ ብለው ነበር የሚናገሩት። ሦስት ገንዳ ቅጠል ቀልቶ ተጥሏል። የቅጠሉ ባለቤቶች ገበሬዎቹ ናቸው፤ ፋብሪካውም የነሱ ነው። ለገበሬዎቹ ኮሚቴ ሪፖርት ሊጽፉ ነው፤ በሪፖርቱ ላይ ደግሞ "ማን?" የሚል ባዶ ቦታ አለ።

"እዚያ ኬብል ላይ እጁ የነበረው ማነው?" አሉ ኮስኬይ፣ መልሱን እያወቁ።

ማሪቲም ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እጃቸው በመዶሻው ተልጦ በጨርቅ ታስሯል። ቼፕንጌኖን አንድ ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩና "እኔ ነኝ" አሉ። "መሰላሉ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። እኔን ጻፍ።"

ኮስኬይ ስሙን ጻፉ። "ማሪቲም፣ አንተን እንዲህ ማለት ይከብደኛል። ግን ገበሬው ቅጠሉ በተጣለ በሦስተኛው ቀን ፍየል አርደን ብንሸኝህ ምን ይለናል? የዓርቡ ነገር ይቅር።"

"ይቅር" አሉ ማሪቲም። ተነሡና ወጡ።

 ይህ መደበቅ የለበትም፤ ቼፕንጌኖ ቁጭ ብላ የሌላ ሰው ስም በስሟ ቦታ ሲጻፍ አየች። አንድ ሳምንት ቀርቷታል፤ እናቷ ናይሮቢ ላይ "ቋሚ ሆነች" የሚለውን ወሬ ለጎረቤት ልታወራ ተዘጋጅታለች። ማንም አያውቅም፤ ማንም ሊያውቅም አይችልም። ዝም ካሉት የሚያልፍ ነገር ነው። ዊኒ "በርቺ" ብላ ትከሻዋን መታ መታ ስታደርጋት ግን ያ መዳፍ እንደ ጋለ ምጣድ አቃጠላት።

ሽማግሌውን ብስክሌት ማቆሚያው ጣራ ሥር ዝናቡ እስኪያባራ ቆመው አገኘቻቸው።

"ምዜ፣ እርስዎ አይደሉም እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"እኔ ነኝ።"

"እሱንም አውቃለሁ። አራት ሲቆም እኔ ነኝ ብዬ ነበር። ሰባት ሲከተል ግን ሰዓቴን አየሁ። እኔ አራት ላይ ቆሜ ሰባትን በምን እበጥሰዋለሁ? ልነግርሽ ልመጣ ስል ሌላው ይቆምብኝ ነበር።" ፈገግ አሉ። "እኔም የዛሬ አስራ ምናምን ዓመት እንዲሁ አጥፍቼው ጉድ ሆኛለሁ። ወረቀቱን ያኔ ነው የጻፍኩት።"

"ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አሉ?"

"እኔ ሦስት ቀን ነው የቀረኝ። አንቺ ገና ሠላሳ ዓመት አለሽ። የኔ ጀርባ ይችለዋል።"

"ባለቤትዎ ያን ሁሉ ሙርሲክ..."

"ሙርሲክ ቤት ውስጥም ይጠጣል።" ይህን ሲሉ ግን ፊታቸውን ወደ ዝናቡ አዞሩ። ድምፃቸውም ጠዋት ሻይ ሲጠጡ የነበረው ድምፅ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት በሰዓቱ የገቡበት በር ነው፤ አሁን ገበሬው "ቅጠላችንን ያቃጠለው ሰውዬ" እያለ ሊሸኛቸው ነው።

 ቼፕንጌኖ ድንገት እንደ ተማሪ ጠየቀቻቸው።

"ምዜ፣ ራውተሩ 'እኔ ነኝ፣ ወደ እኔ ላክ' ብሎ የተቀበለውን ነገር ምን ያደርገዋል?"

"ምን ያደርገዋል? ለባለቤቱ ያሻግራል።"

"ይዞት ቢቀርስ?"

ማሪቲም ዞረው አዩዋት። "ይዞት ከቀረማ የተበላሸ ነው። ጭራሽ ባይመልስ ይሻል ነበር።"

"እንግዲያው ያሻግሩልኝ" አለቻቸው። "የኔ ነው።"

ሽማግሌው የታሰረ እጃቸውን አዩ፤ እሷን አዩ። "ከባድ ነው፣ ልጄ።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲህ ያንቺ ከሆነ ውሰጂው" አሉ ቀስ ብለው።

በዝናቡ ውስጥ ተመልሳ ሄደች። ኮስኬይ ሪፖርቱን ገና አላሸጉም። ቢጫውን ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ አኖረችና የሥራ መዝገቧን ሁለት ሰዓት ከአሥር የሚለው ገጽ ላይ ገልጣ አጠገቡ አስቀመጠች። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ወረቀቱን የሸፈነችውም ራሷ እንደሆነች ሳይቀር። ሰውዬው ሁለቱን ደጋግመው አነበቡ።

"ከስብሰባው በፊት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

"ፈራሁ።"

"ቀትር ላይ እኮ አጨበጨብንልሽ!"

"አጨብጭባችሁልኛል። እሱ ነው ያልተዋጠልኝ።"

ኮስኬይ እስክሪብቶ አነሡ፤ የማሪቲምን ስም ሰርዘው የሷን ጻፉ። ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ሪፖርት ሪፖርት ነው። ኮሚቴው በማግስቱ ተሰብስቦ የሙከራ ጊዜዋን በሦስት ወር አራዘመው። በዚያ ላይ ቅጠላቸው ወደተጣለባቸው ገበሬዎች መግዣ ጣቢያ ሄዳ፣ ሚዛኑ አጠገብ ቆማ፣ በገዛ አፏ እንድትነግራቸው ወሰነ። ሐሙስ ጠዋት ቅርጫታቸውን በጀርባቸው የተሸከሙ ሰዎች ከበቧት።

"ቅጠሌን የጣለው ማነው?" አለች አንዲት አሮጊት።

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች አየቻት። "ማሽኑን ጠይቀሽ ይሆናላ። ሌላ ጊዜ ሰው ጠይቂ።" ሰዉ ሳቀ፤ ቼፕንጌኖም ዓይኗ እንባ ሞልቶ ሳቀች።

ዓርብ ፍየሉ ታረደ። ቅሎቹ መጡ፤ ሙርሲኩ እስከ ማታ ተጠጣ፤ ገበሬዎቹ ማሪቲምን መርቀው ሸኟቸው። ሽማግሌው በበሩ ሲወጡ ወደ ኋላ አልዞሩም፤ መሰላላቸውን ግን ራውተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ አስደግፈውት ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ቼፕንጌኖ ንድፏን ከቁም ሣጥኑ በር አንሥታ ጎን ላይ ለጠፈችው። ቢጫውን ወረቀት በላስቲክ ሸፍና በቦታው መለሰችው፤ ከግርጌው ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋ "እኔም አጥፍቼው ነበር" ብላ ፈረመች። እስክሪብቶዋን ሳትከድን ከአዳራሹ ያ ጉሮሮ ተሰማ።

"ማሪቲም! ገንዳ አራት!"

ዊኒ ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነው ያወቀችው።  ቅጠል የሚበትኑት ሴቶች እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ዊኒ መዳፏን አፏ ላይ ጭና ቆመች።

"አቤት!" አለ አንድ ድምፅ ከራውተሩ ክፍል። ቼፕንጌኖ መሰላሉን አንሥታ ወጣች። "መጣሁ!"